የሚከብደው ጎማው አይደለም

ሳም ሹስተር በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት፣ ማለትም ዩኒሳይክል ገዝተው በከተማው ጎዳና መንዳት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ከብስክሌቱ ይልቅ የመንገደኛው ሁኔታ ይስባቸው ጀመር። አንድ ዓመት ያህል የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው የሚላቸውንና የሚያደርገውን እየመዘገቡ ቆዩ፤ ከ400 በላይ ሰዎች በማስታወሻቸው ገቡ። የደረሱበትንም እ.ኤ.አ. በ2007 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ለገና በዓል በሚያወጣው፣ ፈገግ የሚያሰኙ ጥናቶች በሚስተናገዱበት ዕትም ላይ አሳተሙት።

አስተያየት ከሰጧቸው አዋቂ ሴቶች 95 በመቶ ያህሉ አድንቀዋቸዋል፣ አበረታተዋቸዋል ወይም እንዳይወድቁ ሰግተውላቸዋል። ከወንዶቹ ግን 75 በመቶ ያህሉ የወረወሩት የነገር ቀልድ ነው፤ ያውም ሁሉም ተመካክሮ የመጣ ይመስል ተመሳሳይ ቀልድ፦ «ሌላኛው ጎማ ጠፋብህ?» የሚል። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 13 የሚሆን ወንዶች ልጆች ደግሞ ከቃል አልፈው ሊጥሏቸው የሞከሩበት ጊዜ ነበር።

ሹስተር ይህንን ከወንድ ሆርሞን ጋር አያይዘውታል። በዚያ መስማማት አለመስማማት የአንባቢው ፋንታ ነው። ከማስታወሻቸው ጎልቶ የሚወጣው ግን ሌላ ቁም ነገር ነው። አንድ አዋቂ ሰው አዲስ ነገር በአደባባይ ሲጀምር፣ ከነገሩ ክብደት ሌላ የተመልካቹንም አፍ አብሮ መሸከም አለበት። ዩኒሳይክል ደግሞ ጓሮ ውስጥ ተደብቀው የሚለማመዱት ነገር አይደለም፤ ደልዳላ መሬት፣ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ ካለ ቦታ ደግሞ ተመልካች አይጠፋም። ብዙ ሰው ሳይጀምረው የሚቀረው መውደቅን ፈርቶ ሳይሆን ሲወድቅ መታየትን ፈርቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ በራሱ ምን ያህል ይከብዳል? ዩኒሳይክል ሲያዩት የሚያስፈራውን ያህል ውስብስብ አይደለም። አንድ ጎማ፣ ጎማውን የሚይዝ ሹካ፣ መቀመጫና ሁለት ፔዳል ነው። ካቴና የለውም፣ መሪ የለውም፤ ተራው ዓይነት ፍሬንም የለውም። ፔዳሉ ከጎማው እምብርት ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ እግር አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል። እግር ሲቆም ይቆማል፤ ወደ ኋላ ሲረገጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለጀማሪ የሚመከረው 20 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር የሚጓዘው 1.6 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ከእርምጃ ብዙም አይርቅም።

በልጅነቱ ረዥም ዱላ በመዳፉ ላይ አቁሞ የተጫወተ ሰው የሚዛኑን ነገር ሳያውቀው ያውቀዋል። ዱላው ወደ ፊት ሲያዘነብል እጅ ፈጥኖ ወደ ፊት ይከተለዋል፤ ወደ ኋላ ሲል እጅም ወደ ኋላ ይላል። በዩኒሳይክል ላይ ዱላው የሰውየው ገላ፣ እጁ ጎማው ነው። ገላ ወደ ፊት ሲያደላ እግር ረገጥ አድርጎ ጎማውን ከሥሩ ያደርስለታል። ወደ ጎን ሲያጋድል ደግሞ ጎማውን ወደሚወድቁበት አቅጣጫ ማዞር ነው፤ ይህን ወገብና የተዘረጉ ክንዶች ይሠሩታል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ መቆም ከመሄድ ይልቅ ይከብዳል። ጀማሪ ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚሞክረው መቆምን ነው፤ ያም ይጥለዋል።

አወጣጡ ራሱ ዘዴ አለው። ግድግዳ ወይም የብረት አጥር በአንድ እጅ ተይዞ መቀመጫው በእግሮች መካከል ይገባል። ወደ ሰውየው የቀረበው፣ የኋላው ፔዳል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። እግር እዚያ ላይ ሲያርፍ ጎማው ወደ ኋላ ተንከባሎ ከመቀመጫው ሥር ይገባል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ፔዳሎች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ በእኩል ከፍታ ላይ ይሆናሉ። መነሻው ይህ ነው። ከዚያ ግማሽ ዙር ብቻ ነድቶ ፔዳሎቹ እንደገና አግድም ሲሆኑ ማቆም፤ እንደገና ግማሽ ዙር። ጀማሪ በብዛት የሚወድቀው አንዱ ፔዳል ከላይ፣ ሌላው ከታች በሚሆንበት ቅጽበት ነው፤ በዚያች ነጥብ ላይ እግር የቱንም ያህል ቢጫን ጎማውን አያዞረውም። መፍትሔው ሳያቆሙ ማለፍ ነው። ለማለፍ ደግሞ ክብደትን ከእግር አንስቶ መቀመጫው ላይ መጣል ያስፈልጋል። ሰውነት የሚፈራውም ይህንኑ ነው፤ በእግሩ መቆም ለምዷልና ፔዳል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭኑ ይዝላል። ላቡ ጠፍ ያለ ጀማሪ ካዩ ገና አልተቀመጠም ማለት ነው።

ዓይንም የራሱ ጥፋት አለው። ጎማውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ጀርባው ይጎብጣል፣ ሚዛኑም አብሮ ይሄዳል። አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለ ነገር ላይ ማተኮር ይሻላል። መቀመጫው ከፍ ማለት አለበት፤ ተረከዝ ታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ ሊል ይገባዋል። ብዙ ጀማሪ ለመሬት ቅርብ ለመሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚህም ሥራውን በእጥፍ ያከብደዋል።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገር አለች፣ ችላ የምትባል። የግራ ፔዳል ብሎን ጥርሱ የሚጠብቀው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ዩኒሳይክል ፊትና ኋላው ስለሚመሳሰል መቀመጫውን አዙሮ የገጠመ ሰው ሳያውቀው ግራውን በቀኝ ይነዳዋል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ዙር ፔዳሉን ሊፈታው ይችላል። ቆይቶም የብረቱ ጥርስ ይበላና ዕቃው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ከመውጣት በፊት በፔዳሉ ክንድ ላይ የተቀረጸውን የግራና የቀኝ ምልክት ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ መውደቅም እውነቱ መነገር አለበት። በባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት የወደቀ ሰው መሪው ይመታዋል፣ እግሩ በብረቱ መካከል ይጠላለፋል። እዚህ ግን ከፊት ምንም የለም፤ ጀማሪው በዝግታ እስከሄደ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ይወርዳል፣ ጎማው ነው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የሚወድቀው። ይህ ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ወደ ኋላ የወደቀ ሰው እጁን ስለሚዘረጋ የእጅ አንጓ ይጎዳል፤ የአንጓ መከላከያና የራስ ቁር የሚመከሩት ለዚህ ነው። የጫማ ማሰሪያ ወደ ውስጥ መወተፍ፣ ሰፊ ሱሪ መጠቅለልም እንዲሁ።

ብዙ አሠልጣኞች ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ሜትሮች ከ10 እስከ 15 ሰዓት ልምምድ ይገምታሉ። ይህ ሰዓት ባንድ ቀን የሚጨረስ አይደለም፤ አጫጭር ሆኖ በብዙ ቀናት ሲከፋፈል ይሻላል። እንቅልፍ አዲስ የእንቅስቃሴ ችሎታን እንደሚያጸና ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ማታ ተስፋ ቆርጦ የሄደ ጀማሪ በማግስቱ ሳይታሰብ ሦስት አራት ዙር የሚነዳውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኔቸር መጽሔት የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ፣ ሦስት ኳስ እየወረወሩ መቅለብን ለሦስት ወር የተለማመዱ አዋቂዎች አንጎል ውስጥ የሚታይ ለውጥ እንደመጣ፣ ልምምዱ ሲቋረጥም ለውጡ እየቀነሰ እንደሄደ አሳይቷል። ያደገ አንጎል አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለው አባባል በዚህ ብቻ እንኳ ይፈርሳል።

ታዲያ ይሉኝታን ማን አሸነፈው? ከሁሉ በፊት ጃፓኖች። የጃፓን የዩኒሳይክል ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1989 በወጣው፣ ከ1992 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ዩኒሳይክል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ውስጥ ገባ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ብስክሌቶቹ ተደርድረው ይቆማሉ፤ በአጠገባቸውም ጀማሪ የሚይዘው የብረት መደገፊያ አለ። በዕረፍት ሰዓት ልጆች አንዱን አንስተው መደገፊያውን ይዘው ይጀምራሉ፤ የቻለችው ያልቻለችውን እጇን ይዛ ትነዳለች። ውጤትም ታይቷል፤ በዓለም ሻምፒዮና በሙዚቃ በሚቀርበው የጥበብ ውድድር ለዓመታት ጎልተው የወጡት ጃፓናውያን፣ በተለይም ልጃገረዶች ናቸው።

ከዋንጫው ይልቅ ግን ግቢው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። እዚያ ማንም የተለየ ተሰጥኦ አለው ተብሎ አልተመረጠም። ሁሉም ስለሚወድቅ የሚስቅ የለም፤ ቢስቅም ተራው ይደርሰዋል። መምህሩ ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ልጁ የተሳሳተውን ጎማው ራሱ ይነግረዋልና። ብዙ ስፖርት ፈጣኑንና ረዥሙን ያስቀድማል። ዩኒሳይክል ላይ ግን አጭሩም፣ ኳስ ሲከፋፈሉ መጨረሻ ላይ የሚመረጠውም እኩል መነሻ አላቸው።

ሌላው ምሳሌ ከኒውዮርክ ነው። በብሮንክስ ሰፈር ጄሪ ኪንግ የሚባል ሰው ልጁን ቻርልስን ዩኒሳይክል አስተማረው፤ ቀጥሎም የሰፈሩን ልጆች። ልጆቹ በዚያ ላይ ሆነው ቅርጫት ኳስ መጫወት ጀመሩ። ኪንግ ቻርልስ ትሩፕ የተባለው ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ታላቁን የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ተቀላቀለ። መነሻው ግን የሰርከስ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ አንድ አባትና የሰፈር ልጆች ነበሩ።

በአዋቂዎችም በኩል ምሳሌ አይጠፋም። ዛሬ ስልክና ኮምፒዩተር የሚሠሩበትን የመረጃ ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1948 ያፈለቀው ክሎድ ሻነን በቤል ቤተ ሙከራ ኮሪደሮች ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዩኒሳይክል ይነዳ ነበር፤ ኳስም እየቀለበ። እንግሊዛዊው ኤድ ፕራት ደግሞ በ19 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሶመርሴት ተነስቶ በ36 ኢንች ጎማ ዓለምን ዞረ፤ በ2018 ሲመለስ ለተማሪዎች የትምህርት ቁሳቁስ ለሚያቀርብ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ አሰባስቦ ነበር። ካናዳዊው ክሪስ ሆልም በተራራ ጭንጫ ላይ እየነዳ አንድ ሙሉ የስፖርት ዘርፍ እንዲስፋፋ አድርጓል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲካሄድ በቆየው የዓለም ሻምፒዮናም ሩጫው፣ ሆኪው፣ ቅርጫት ኳሱ፣ ማራቶኑ ሁሉ አለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ አብዛኛው ሰው ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የሚያውቀው ከሰርከስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ በየከተማው የተፈጠሩ የሰርከስ ቡድኖች ብዙ ወጣቶችን ከመንገድ ወደ መድረክ አውጥተዋል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ ብቻ የሚታይ ችሎታ ለተመልካቹ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ያጨበጭባል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔስ ብሎ አይጠይቅም።

ቦታ የለም እንዳይባል፣ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን፣ መኪና የጠፋበት አስፋልት ምን እንደሚመስል አሳይቶናል። ልጆች በስኬት ጫማ ሲንሸራተቱ፣ እናቶች ስፖርት ሲሠሩ፣ ሽማግሌዎች በአስፋልቱ መሀል ሲራመዱ ታይቷል። በስኬት ጫማ ወድቆ የሚነሳን ወጣት ከተማው ለምዶታል፤ ሌላውንም ይለምደዋል።

ትምህርት ቤቶች ለሙከራ አራት ወይም አምስት ባለ 20 ኢንች ዩኒሳይክሎች፣ አንድ ደህና ግድግዳ ወይም የብረት አጥር፣ ጥቂት የራስ ቁርና የአንጓ መከላከያ ቢኖራቸው ይበቃቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አንድ የሰርከስ ወጣት ቢያግዝ ሥራ ያገኛል፤ መቀመጫ ማስተካከሉንና ፔዳል ማጥበቁንም ለልጆቹ ያስተላልፋል። የስፖርት መምህሩ ግን ፊሽካ ይዞ ዳር መቆም የለበትም። ተራ ይዞ፣ አጥሩን ጨብጦ፣ ተማሪዎቹ እያዩት ይሞክር። እሱ ሲወድቅ ያዩ ልጆች የሚስቁት ለመጀመሪያው ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ትከሻቸውን ያውሱታል።