ስለ ዐውሎ ነፋስ፦ ቁጥሩን ወይስ ምክንያቱን?

«ዐውሎ ነፋስ የሚወለደው በሐሩር ክልል፣ ከ26 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውቅያኖስ ላይ ነው» ብለን ሸምድደናል። ለፈተና ይበቃል፤ ለእውነቱ ግን አይበቃም። በጥር 1987 ዓ.ም. በሜዲቴራንያን ላይ፣ ባሕሩ በሚቀዘቅዝበት ወራት፣ ዓይን ያለው ዐውሎ ተነሥቷል። ወሳኙ የባሕሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ካለው አየር ጋር ያለው ልዩነት ነውና። ብርቱ ቅዝቃዜ ከላይ ሲመጣ፣ ከውሃው የሚነሣው እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ ይወጣል፤ የላይኛውና የታችኛው ነፋስ እምብዛም ካልተለያየ ዐውሎው ሳይበተን ይጸናል።

ነገሩ የወረቀት ክርክር አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ዳንኤል የተባለው ማዕበል ከዚሁ ባሕር ተነሥቶ ሊቢያን መታ፤ በዚያው ሌሊት የደርና ሁለት ግድቦች ፈርሰው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

መምህሮቻችን ሆይ፣ እባካችሁ በፈተና «የት?» ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ብላችሁም ጠይቁን። ድንበር የሸመደደ ከድንበሩ ውጭ የሚመጣውን አያይም፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።