የጆንያው ሥር

ኢሉባቦር ውስጥ ኖፓ ላይ ጀንፈል የሚገዛ ነጋዴ ጆንያው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ ይሰድበታል። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ እርጥቡም፣ ጠጠሩም ካለ፣ ከሥር ነው የሚገኘው። ያፈሰውን ጆሮው ሥር ይንጠዋል። ፍሬው ልጣጩ ውስጥ ካልተንኳኳ አልደረቀም። አሁን ደግሞ ከሩቅ ያለውም ገዢ ጠያቂ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ መመላከት አለበት። ለአንድ ስኒ ቡና የትውልድ ቦታ እንጠየቃለን። እኛ ግን ለድሮን፣ ለራዳር፣ ለወታደር የመገናኛ ሬዲዮ ልብ ለሆነው ቺፕ ይህን ያህል አጥብቀን መጠየቅ አልለመድንም። ለመከላከያ ኃይላችን የሚመጣው ኤሌክትሮኒክስ አስተማማኝ የሚሆነው፣ በእኔ እምነት፣ የቺፕ ፋብሪካ ስንተክል ሳይሆን እጃችንን ጆንያው ውስጥ መክተት ስንለምድ ነው።

ኢሉባቦር የአቅርቦትን ነገር ቀድሞ በራሱ ላይ ያየ አገር ነው። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢጣሊያ ወረራ ሳይጀመር፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። እገዳው በወረቀት ላይ እኩል ነበር። ኢጣሊያ ግን የራሷ ፋብሪካ ስለነበራት የታነቅነው እኛ ብቻ ነን። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጡ የመንግሥቱ ቅሪት ከመቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጎሬ፣ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅና በራስ እምሩ እጅ ቀረ። ጎሬ የተመረጠችው ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚያወጣ በር ስላላት ነበር። የበሩ ቁልፍ ደግሞ በእንግሊዝ እጅ ነበር። ጎሬ በኅዳር 1929 ተያዘች፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ጎጀብ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

በ1969 ዓ.ም. ያው ነገር በሌላ መልክ መጣ። የሶማሊያ ጦር ሲገባ የአየር ኃይላችን ምርጥ አውሮፕላኖች አሜሪካ የሠራቻቸው ኤፍ-5ዎች ነበሩ፤ ከአሜሪካ ጋር ግን ተጣልተን መለዋወጫው ተቋርጦ ነበር። አብራሪዎቻችን በእጃቸው ባለው ሰማዩን ያዙ። ያ ጀግንነት ነው፤ አቅርቦት ግን አይደለም።

በሁለቱም ጊዜ ችግሩ ቢያንስ ዓይን የሚያየው ነበር፦ ጥይቱ አልመጣም፣ መለዋወጫው አልመጣም። ቺፕ ከዚህ የከፋ ጠባይ አለው። መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ እየሠራም ሊዋሽ ይችላል። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት በአገሪቱ የመከላከያ አቅርቦት ውስጥ ወደ 1,800 የሚጠጉ የሐሰተኛ ክፍል ጥርጣሬዎችን አገኘ፤ የክፍሎቹ ብዛት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ከተጣለ ኮምፒውተር ላይ ቺፑ በእሳት ሞቆ ይነቀላል፣ ይታጠባል፣ የቀድሞ ጽሑፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ አዲስ ቁጥርና ዓመት ይጻፍበታል። ፒ-8 በተባለው የባሕር ኃይል አውሮፕላን ላይ በረዶ የሚጠቁመው መሣሪያ እንዲህ አዲስ መስሎ የገባ አሮጌ ክፍል ተገኝቶበታል። ይህ ሁሉ የሆነው ከማንም በላይ ገንዘብ ባለው ጦር ውስጥ ነው።

ያ የሌባ ሥራ ነው። የጠላት ሥራ ሲሆን ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2024 ሊባኖስ ላይ ታይቷል። በታይዋን ኩባንያ ስም የተሸጡ በሺህ የሚቆጠሩ ፔጀሮች በአንድ ሰዓት ፈነዱ፤ በማግሥቱ የመገናኛ ሬዲዮዎች ተከተሉ። ገዢው የመረጠው ፔጀር ከስልክ ይሻላል ብሎ፣ ለጥንቃቄ ነበር። ወደ ቤታችን ስንመጣ ደግሞ፣ ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አዲስ አበባ ከሚገኘውና ቻይና ሠርታ ካስረከበችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መረጃ በየሌሊቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ወደ ሻንጋይ ይጎርፍ እንደነበር ጻፈ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባብለዋል። ማን ትክክል እንደሆነ እዚህ አልፈርድም፤ ልብ የምለው ነገሩ የተሰማው ሕንፃው ከተመረቀ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን ነው።

«ታዲያ ራሳችን እንሥራው» የሚል አለ። ልቡ መልካም ነው፤ ሂሳቡ ግን አይገጥምም። እጅግ የረቀቁት ቺፖች በአብዛኛው የሚወጡት ከታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነው። እነሱን የሚያትመውን የብርሃን ማሽን በዓለም ላይ የሚሠራው ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ፣ ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል.፣ ብቻ ነው። አንድ ዘመናዊ ፋብሪካ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ራስ መሥራት የት እንደሚያደርስ ለማየት ኢሉባቦር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ሊያመርት የነበረው ፕሮጀክት ከአሥር ቢሊዮን ብር በላይ ተመድቦለት፣ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ፣ ሳያልቅ ቀረ። ማዳበሪያ እንኳ!

ድሮን መገጣጠሙን ግን አልንቅም። ስካይዊን የተባለው የአገራችን የድሮን ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ደግ ነገር ነው፤ የሚገጣጥም ሰው ቢያንስ ውስጡን ያያል። ሆኖም አካሉን የሠራ ዓይኑን ሠራ ማለት አይደለም። ቱርክ ራሷ ይህን በመራራው ተምራለች። የባይራክታር ድሮኗ ካሜራ ከካናዳ ይመጣ ነበር። ድሮኑ የተሰለፈበት የካራባኽ ጦርነት ሲነሣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ካናዳ ሽያጩን አገደች፣ በሚያዝያ 2021 ፈቃዱን ሰረዘች። ቱርክ አሰልሳን የተባለው ኩባንያዋ የሠራው ምትክ ስለነበራት ተረፈች። ያን ድሮን የታጠቅን እኛስ ካናዳ ስትቆጣ የሚነካን መሆኑን አስበነው እናውቃለን?

ስለዚህ ጥያቄው ውል ላይ ይጀምር። እያንዳንዱ ወሳኝ ክፍል ከአምራቹ ወይም አምራቹ ከወከለው ሻጭ መገዛቱ፣ በስንት እጅ እንዳለፈም በወረቀት ይቅረብ። ርካሽ ነው ተብሎ ከመንገድ ደላላ የሚገዛ ይቅር። አምራቹ ማምረት ሊያቆም ሲል ለዓመታት የሚበቃ ይከማች። ከሚገባው ላይ ናሙና ይወሰድና በራጅ ይታይ፣ በሙቀትና በብርድ ይፈተን፣ አንዳንዱም ሽፋኑ በአሲድ ተልጦ ሲሊከኑ በማይክሮስኮፕ ይነበብ። ይህ ፋብሪካ አይደለም፤ አንድ የመፈተሻ ክፍልና ጥቂት ትጉ መሐንዲሶች ነው። የመቱ ዩኒቨርሲቲን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ለዚህ ማሠልጠን ይቻላል፤ የመከላከያ ሚኒስቴር ይጠይቃቸው። የመጀመሪያው ፈተና እንዲያውም ጥጥን አሴቶን ውስጥ ነክሮ የቺፑን ላይኛ ገጽ ማሸት ነው፤ ጥጡ ከጠቆረ ቺፑ የተቀባ ነው። አሴቶን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሆኖ መቱ ሱቅ ውስጥም ይሸጣል።