ጩኸት ድምፅ አይደለም



ከአባሎች መዋጮ ለማኅበራችን አዲስ ድምፅ ማጉያ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ዳሩ ግን ከሐሳቡ ጋር ተያይዞ የተነገረውን፣ አዳራሹም ያጨበጨበለትን አንድ አነጋገር አጥብቀን እንቃወማለን። ይኸውም «ዋቱ ትልቅ ይሁን እንጂ ሌላው ትርፍ ነገር ነው» የተባለው ነው። እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ይህ አነጋገር በገበያውም፣ በስብሰባውም፣ በሠርጉም፣ በደጀ ሰላሙም ምን እንዳደረሰ ስለምናውቅ ዝም ማለት አይገባንም።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በቋንቋችን «ድምፅ ማጉያ» ስንል ማይክሮፎኑን፣ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን በአንድ ቃል እንጠራለን። ትልልቁን ስፒከር ደግሞ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም አውጥተንለት፣ ማንም ይሥራው ማን፣ «ሞንታርቦ» እንለዋለን። በስም የተደባለቀው በአሳባችንም ተደባለቀ። የሦስቱ ዕቃዎች ሥራ ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም።

ዋት የአምፕሊፋየሩን ኃይል ወይም የስፒከሩን መሸከም ይነግረናል እንጂ የሚወጣውን ድምፅ አይነግረንም። አንድ ስፒከር 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል፣ ሌላው 96 ዴሲቤል ያሰማል እንበል። የመጀመሪያው በ100 ዋት የሚደርስበትን 106 ዴሲቤል ሁለተኛው በ10 ዋት ይደርስበታል። እንግዲህ ባለ 100 ዋቱ በምን ይኩራ? ደግሞም ኃይልን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለት ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ከ100 ወደ 200 ዋት ለመውጣት የምንከፍለው ብር የሚገዛልን ጆሮ ጥቂት ብቻ የሚለየውን ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥምደቱ ነው። አራሽ በሬውን ሲያጣምድ አቅሙንና እርምጃውን አይቶ ነው፤ እኛ ግን አምፕሊፋየርና ስፒከር ስናጣምድ የጀርባውን ጽሑፍ እንኳ አናነብም። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ ጭነታቸው 4 ኦም ይሆናል፤ አራት ሲሆኑ 2 ኦም ይሆናል። ከ4 ኦም በታች እንዳይጫንበት ተደርጎ የተሠራ አምፕሊፋየር 2 ኦም ሲጫንበት ይግላል፤ ብዙ ሳይቆይም ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ዕቃው ምን በደለ? ደካማ አምፕሊፋየርም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲጮኽ የሞገዱ ራስ ይቆረጣል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውም ትንሹ ስፒከር ይቃጠላል።

ሽቦውም ከዚህ አይለይም። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ 100 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ባለ 8 ኦም ስፒከር፣ የሽቦው ደርሶ መልስ ብቻ ወደ 7 ኦም ስለሚሆን፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ኃይል ሽቦ ሲያሞቅ ይቀራል። መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። ለርቀት የ100 ቮልት መስመርና ትራንስፎርመር ያላቸው ስፒከሮች አሉ። ሕጉም ቀላል ነው፤ የስፒከሮቹ ዋት ተደምሮ ከአምፕሊፋየሩ ዋት አይብለጥ። ባለ 60 ዋት አምፕሊፋየር በ15 ዋት የተደረጉ አራት ስፒከሮችን ይነዳል፤ አራቱም በ30 ዋት ከተደረጉ ግን 120 ዋት ይጠየቃልና ይታነቃል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ጠባይ ነው። ስፒከር ሁሉ ጠባይ አለው፤ ጠባዩንም የሚሰጠው የተሠራበት ዓላማ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው የማዕዘን ስፒከር በጥቂት ዋት ትልቅ ድምፅ ያወጣ ነበር፤ የዘመኑ አምፕሊፋየሮች ኃይላቸው ትንሽ ነበርና። በ1970ዎቹ ደግሞ ቢቢሲ በሥርጭት መኪና ውስጥ የሰውን ንግግር በትክክል ለመስማት ኤል ኤስ 3/5 ኤ የተባለውን ትንሽ ስፒከር ሠራ፤ ይህም በ1 ዋት ወደ 83 ዴሲቤል ብቻ ይሰጣል። ሁለቱም በየሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን የቢቢሲውን ስፒከር ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ ብናቆመው ምን ይሰማል? ከደጅ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ በ32 ሜትር 30 ዴሲቤል ጠፍቷል፤ ከተማዪቱም ስሟን ያገኘችው ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ቦታ የሚሠራው ጡሩምባ መሰሉ ስፒከር ነው።

ይህንኑ ጡሩምባ ግን ለዜማ ስናውለው በደል ይሆናል። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችበት አገር ነው። የድጓ ተማሪ ስንት ዓመት የሚደክምባቸው ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ርክርኩ፣ ደረቱ፣ ሁሉም በድምፅ ውስጥ ያሉ ልዩነቶች ናቸው። «ደረት» የሚባለው ምልክት ስሙ እንደሚናገረው ድምፅን ወደ ታች አውርዶ በደረት ማዜም ነው። የወንድ ድምፅ መሠረት ከ100 እስከ 150 ሄርዝ አካባቢ ይውላል፤ ትንንሾቹ ጡሩምባዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ይጥላሉ። ስለዚህ መሪጌታው በደረታቸው ያወረዱት ዜማ ለሕዝቡ በአፍንጫ እንደተባለ ሆኖ ይደርሳል። የከበሮው ግዝፈት ጠፍቶ የቆዳው ጥፊ ብቻ ይቀራል። በገና እንኳ በመንዘርዘሩ ምክንያት በገናነቱ ቢታወቅም ክብደቱ የለም። የዜማው ባለቤቶች አልጎደሉም፤ ያጎደልነው መሣሪያውን ያለ ቦታው ያዋልን እኛ ነን።

የሚመጣብንን መልስ እናውቃለን። «በገጠር ውሃና መንገድ ሳይሟላ ስለ ድምፅ ጥራት ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ይባላል። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን። ከስማዳ ቆላ ግማሽ ቀን ተጉዘው ወገዳ ስብሰባ የመጡ እናት ስለ ክትባት ወይም ስለ ማዳበሪያ የተነገረውን ቃል ሳይለዩ ቢመለሱ፣ ጨዋታው የማን ነው? ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢ ድምፆች በአብዛኛው ከ1,000 ሄርዝ በላይ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም ድምፁ ሲሰነጠቅና ሲያስተጋባ ነው። በ100 ሜትር ልዩነት የተሰቀሉ ሁለት ስፒከሮች አንዱ ከሌላው ወደ 0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንድ ቃል በሌላ ቃል ላይ ይወድቃል። ሹሙ «ተናግሬአለሁ» ይላል፣ ሕዝቡ ግን አልሰማም። ይህ ቅንጦት ከሆነ ሕዝብን ማስረዳትም ቅንጦት ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለውም አያስኬድም። ያለውን ዕቃ አስተካክሎ ማጣመድ ከሚጠይቀው ገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው ማንበብ ነው። ገንዘቡን የሚጨርሰው በየጊዜው የሚቃጠለው ዕቃ ነው።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት እንወቅሳለን። የኦምን ሕግ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሸምድደን፣ ተፈትነን አልፈናል። ከመካከላችን ግን በእስቴ መካነ ኢየሱስ አንድ አዳራሽ ገብቶ «ይህን ስፒከር ከዚህ አምፕሊፋየር ጋር አታገናኙት፣ ምክንያቱም» ብሎ የሚያስረዳ ስንቱ ነው? በሰሌዳ ላይ ቀርቶ ወደ ሽቦው ያልወረደ ዕውቀት ለአገር ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

1ኛ. ማኅበሩ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት በገዛ አዳራሻችን በንግግር፣ በማሲንቆና በከበሮ ይፈትን። የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ከሱቅ የተለየ መልስ ይሰጣል።

2ኛ. የፊዚክስ መምህራን ስለ ጥምደት አንድ ቀን የእጅ ሥራ ትምህርት ይስጡን። በመለኪያ ሲለካ ባለ 8 ኦም ስፒከር ለምን ወደ 6 ኦም እንደሚያሳይ ከዚያው እንጀምር።

3ኛ. በክረምት ወደየወረዳችን የምንሄድ ተማሪዎች በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያና አንድ መለኪያ ይዘን እንሂድ።

4ኛ. ድጓ፣ ዝማሬና ቅኔ ለመቅዳት የሚሄድ ቡድን ቢቋቋም፣ በሊቃውንቱ ፈቃድ ማይክሮፎኑን ከድምፁ አጠገብ አድርጎ ይቅዳ እንጂ ከጡሩምባው ሥር ቆሞ አይቅዳ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ነገር ድምፅ ይሰጥበታል። ዋት ቈጥራችሁ ሳይሆን ሰምታችሁ እጃችሁን አንሡ።