ጭብጨባና የምርጫ ካርድ

የምርጫ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በየቀበሌው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሕዝቡ በይበልጥ የሚፈልገው የትኛውን ዕጩ ነው?» የሚል ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማም የቅስቀሳ መኪና በገበያተኛው መካከል ሲያልፍ ይኸው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ብዙዎች መልሱን የሚሹት ከጭብጨባው ድምቀትና ከሰልፈኛው ብዛት ነው። ይህ አመለካከት ግን ቅርፅን ከይዘት የሚያደባልቅ በመሆኑ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

በመሠረቱ የመራጭ ስሜት የሚለካው መራጩ ማንም ሳያስገድደው በሚከፍለው ዋጋና ከፊቱ በቀረበለት አማራጭ ነው። ሁለቱ በሌሉበት ሥፍራ የቱንም ያህል ሕዝብ ቢሰበሰብ የተቆጠረው ሰው እንጂ ፍላጎት አይደለም።

ለዚህ በአሜሪካ የታየው ሁኔታ ጥሩ አብነት ይሆነናል። በዚያች አገር ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰው አስቀድሞ በየግዛቱ በፓርቲው ደጋፊዎች ይመረጣል። በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. በአዮዋ ግዛት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች ዕጩአቸውን የመረጡት እንደ ቀበሌ ስብሰባ ባለ የጎረቤታሞች ጉባኤ ነበር። መራጩ በብርድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ተገኝቶ፣ ጎረቤቱ እያየው ከሚደግፈው ዕጩ ወገን ይቆም ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወደ 124 ሺህ የነበረው የተሳታፊ ቁጥር በዚያን ምሽት ወደ 239 ሺህ አሻቀበ፤ ባራክ ኦባማም አሸነፉ። ይህ ዋጋ የተከፈለበት ስሜት ነው።

ነገር ግን አምስት ቀን ብቻ ቆይቶ በኒው ሃምፕሸር ምርጫ ሲካሄድ፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ኦባማ እንደሚያሸንፉ ተንብየው ሳለ፣ ሂላሪ ክሊንተን 39 ለ36 በመቶ በሆነ ውጤት ቀደሟቸው። የአንዱ ሥፍራ ግለት ለሌላው ሥፍራ ዋስትና አልሆነም ማለት ነው። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው የምርጫ ወረቀቱ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስስ? ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ተመርጠዋል። ሕዝቡ በየምርጫ ጣቢያው ተሰልፏል፤ ዕጩዎቹን ያቀረቡት ግን ፓርቲው፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ፕሬዚዳንቱንም የመረጠው ሸንጎው እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አልነበረም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ምርጫው ግን ጠባብ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበሮች በሙሉ ያዙ። አንድ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሐሳብ ብቻ አለው ብሎ የሚያምን ማን ነው?

በሁለቱ መካከል የተካሄደው የ1997ቱ ምርጫ ከሁሉም የላቀ ትምህርት ይሰጣል። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት መስቀል አደባባይን በሕዝብ አጥለቀለቁት። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ያየ ሰው አዲስ አበባ የገዢው ፓርቲ ናት ባለ ነበር። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሲሰጥ ግን የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ ያገኘው ቅንጅት ሆነ። የአንገት በላይ ጭብጨባና የልብ ፍላጎት የተለያዩት በምስጢር ድምፅ መስጫው ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ታላቅ ስሜት በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በደም ተቋጨ፤ ወደ 200 የሚጠጋ ሕይወት ጠፋ። ስሜት ሕጋዊ መውጫ በር ሲዘጋበት ለባለ ድምፁም ለአገሩም መከራ እንደሚሆን ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው።

ታዲያ የአማኑኤል ሠራተኛ፣ የማቻክል ገበሬና የቀበሌው ነዋሪ ከዚህ ምን ሊቀስሙ ይገባል? ገበሬው በሰኔ የእርሻ ወራት በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ የሚከፍለው የአንድ ቀን እርሻ ነው፤ የቀን ሠራተኛው የሚከፍለው የዕለት ምንዳውን ነው። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ድምፅ ለሙዚቃና ለቲሸርት ሊለወጥ አይገባውም። ስለዚህ ዕጩዎችን ስናወዳድር ማን ይበልጥ ተጨበጨበለት ከማለት ይልቅ የማን ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ሳይፈራ ጠየቀ፣ ማንስ ፊት ለፊት መለሰ ብለን እንመዝን። ድምፅ ሰጥተን ወደ ቤት መግባትም ብቻውን አይበቃም፤ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን ውጤት ቆመን እናንብብ።

ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ደንግጓል። የመራጩ ሥልጣን በምርጫው ዕለት ምሽት የሚያበቃ አይደለም ማለት ነው። ያጨበጨበ እጅ ሥራው ያኔውኑ ያበቃል፤ የመረጠ እጅ ግን አምስት ዓመት ሙሉ የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። የአንድ ሕዝብ የምርጫ ስሜት ጥልቀትም የሚታወቀው በዚሁ ኃላፊነት ነው።