ዓይን ከሌንስ ይቀድማል

ዱር ገብቶ አራዊትን ፎቶግራፍ ማንሣት የብዙ ወጣቶች ምኞት ሆኗል። የሰሜን ተራሮች ዋልያ ከገደል አፋፍ ቆሞ፣ የባሌው ቀይ ቀበሮ በሳነቴ አምባ ላይ ፍልፈል ለመያዝ ሲያደባ በሥዕል የተመለከተ ወጣት፣ እንዲህ ያለውን ትዕይንት በገዛ እጁ ማስቀረት ቢሻ የሚያስደንቅ አይደለም። ምኞቱ የተመሰገነ ነው። ይሁንና ብዙውን ጊዜ አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮት ይመጣል፤ ይኸውም ጥሩ ፎቶግራፍ የሚገኘው ከውድ ካሜራና ከረጅም ሌንስ ነው የሚለው ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጥሩ ፎቶግራፍ ከሁሉ በፊት የሚገኘው ከሠለጠነ ዓይን፣ ከትዕግሥትና የሚነሣውን ፍጡር ከማክበር ነው። እነዚህ የሌሉት ሰው የያዘው መሣሪያ በረቀቀ መጠን የሚያደርሰው ጉዳት ይበዛል እንጂ ሥራው አያምርም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ማወቅ ይህን ነገር ግልጽ ያደርገዋል። ባለመስተዋቱ ዲጂታል ካሜራ በሌንሱ የገባውን ብርሃን በውስጡ ባለው መስተዋት አማካይነት ወደ አንሺው ዓይን ይልካል፤ በመሆኑም ሰውየው የሚያየው ሌንሱ የሚያየውን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ መዝጊያውም ለቅጽበት ይከፈትና ብርሃኑ በፊልም ፈንታ በተቀመጠው ብርሃን ተቀባይ ላይ ያርፋል። የዚህ ዓይነት ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ኮዳክ የተባለው ኩባንያ በኒኮን ካሜራ ላይ ሠርቶ ያወጣው ነበር። ምስሉ የተገነባው ከ1.3 ሚሊዮን ነጥቦች ብቻ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣው ምስል ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የመሣሪያው ረቂቅነት ብቻውን ጥሩ ፎቶግራፍ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ስልክ የያዘ ሁሉ የተዋጣለት ፎቶግራፍ አንሺ በሆነ ነበር።

ካሜራ ከሰው የሚጠብቀው ውሳኔ ነው። በራሪ ወፍን ሳትደበዝዝ ለማስቀረት መዝጊያው የሚከፈተው ለሰከንድ 1 ሺኛ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ሊሆን ይገባዋል። የሌንሱ ቀዳዳ ሲሰፋ ከበስተኋላ ያለው ነገር ይደበዝዛል፤ ሲጠብ ደግሞ ቅርቡም ሩቁም ጥርት ብሎ ይታያል። ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት እንዲጨምር ሲደረግ በደብዛዛ ብርሃን ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉ ይሻክራል። እነዚህን ሁሉ አመዛዝኖ መወሰን ጊዜ የሚጠይቅ ሲሆን፣ አውሬ ግን ጊዜ አይሰጥም። ቀይ ቀበሮ ዘሎ ፍልፈሉን የሚይዘው በቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ካሜራውን መማር የሚጀምር ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ታዲያ ትምህርቱ የት ይገኛል? በደጅ ይገኛል። በአጥር ላይ የምታርፍ ድንቢጥ፣ ጫጩቶቿን አስከትላ የምትጭር ዶሮ፣ በመስኮት በገባ ብርሃን ውስጥ የሚጥመለመል የቡና ጭስ፣ በቄራ አካባቢ የሚቆም አባ ኮዳ፣ ሁሉም አስተማሪዎች ናቸው። የማለዳ ብርሃን ለስላሳ መሆኑን፣ የቀትር ፀሐይ ግን ፊትን በጥላ እንደምታጠቁር ለማወቅ ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። «ድንቢጥን ማንሣት ምን ያስደንቃል?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ድንቢጢቱ በየትኛው ሰዓት እንደምትመጣ፣ ከመብረሯ በፊት አካሏን እንዴት እንደምትሰበስብ ያላስተዋለ ዓይን የዋልያን ጠባይ ሊያነብ አይችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው፣ ከቤቱ ዘሎ ዱር የሚገባ ጀማሪ ተመልሶ ከደጁ መጀመሩ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጉዳቱ ነገር ነው። ካሜራ ጠመንጃን ስለ ተካ ፈጽሞ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመናል። በእርግጥም ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከከለከለች ወዲህ ለመዝናናት ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ከአራዊቱ ይዞ የሚመለሰው ምስል ነው፤ ይህም ትልቅ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ መሣሪያዎች ታሪክ የተነካካ ነው። ካርል ሺሊንግስ የተባለው ጀርመናዊ በምሥራቅ አፍሪካ የሌሊት አራዊትን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «በብልጭታና በጠመንጃ» የሚል ትርጉም አለው፤ አንበሳ ለመሳብም የቤት እንስሳ ያስር ነበር። ዛሬም ወፍ ከጎጆዋ እስክትነሣ ድረስ የሚጠጋ አንሺ እንቁላሎቿን ለብርድና ለነጣቂ ያጋልጣል። ዝንጀሮን በዳቦ የሚያባብል ሰው እንስሳውን ከመንገድ ዳር ልመና ያለማምደዋል። ምስል ይቅረበኝ ብሎ በሜዳ ላይ መኪና የሚነዳም የፍልፈሉን ጉድጓድ ያፈርሳል፤ የፍልፈሉ ጉድጓድ ደግሞ የቀበሮው ጓዳ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የዋልያውና የቀበሮው ቁጥር በመመናመኑና በሌሎችም ምክንያቶች እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 ድረስ ቆይቷል። ለጥፋቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዋና ተጠያቂዎች አልነበሩም። ሆኖም ቁጥሩ እንዲህ ባነሰ ፍጡር ላይ የአንድ ሰው ጥድፊያ እንኳ ሸክም ይሆናል። መመዘኛው ቀላል ነው፤ እንስሳው መብላቱን ወይም ማረፉን አቋርጦ ወደ ሰውየው ከተመለከተ፣ ሰውየው ከሚገባው በላይ ቀርቧል ማለት ነው።

ሰውን ማንሣትም የራሱ ሥርዓት አለው። በደቡብ ኦሞ ጎብኚዎች የሙርሲን ሰዎች በፎቶግራፍ ቁጥር ገንዘብ እየከፈሉ ማንሣታቸው የተለመደ ሆኗል። በዚህ ግብይት ሰላምታ ይቀራል፤ ስም መጠያየቅም ይቀራል፤ ሰው እንደ አውሬ ከሩቅ የሚታደን ትርኢት ይሆናል። ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ወይም እርሻውን የሚያርስ ገበሬ ለአንሺው ውብ መልክ ቢሆኑም ለራሳቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያም ካሜራ ሊሆን ይገባል። እምቢ ያለ ሰውም እምቢታው ሊከበርለት ይገባል።

በመጨረሻም ፎቶግራፍ ምስክር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደን በተካሄደ ታዋቂ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር አንድ ተኩላ አጥር ሲዘል የሚያሳይ ምስል አንደኛ ወጥቶ ነበር። ተኩላው ለማዳ ሳይሆን እንደማይቀር ዳኞቹ ከደመደሙ በኋላ ሽልማቱ በ2010 ተሠረዘ። ምስሉ ያማረ መሆኑን የካደ የለም፤ የጎደለው እውነት ነበር። ከዱር አውሬ የተገኘ ደብዛዛ ምስል ከለማዳው ጥርት ያለ ምስል ይልቅ ስለ ዱሩ ይናገራል።

አዳዲሶቹ ካሜራዎች መስተዋቱን ትተውታል፤ ነገም ሌላ ይመጣል። መሣሪያው ሲለዋወጥ የማይለወጠው የተጠቃሚው ጠባይ ነው። ስለሆነም ትምህርት ቤቶች በየክበባቱ አንዲት ካሜራ እንኳ ብትኖራቸው፣ ተማሪዎች ተራ እየገቡ የግቢያቸውን ወፎች እያነሡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየመዘገቡ ቢለማመዱ የሚበጅ ነው። እንዲህ የተማረ ወጣት ሳነቴ በደረሰ ጊዜ ቀበሮው ባይወጣለት እንኳ፣ ሳያስደነግጠው በመመለሱ የሠራው ሥራ እንዳለ ያውቃል።