250 ግራም፦ በማህፀን ቀዶ ሕክምና ሒሳብ ውስጥ ያለው ሚዛን

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖር አንዲት እናት፣ ማዮማ በተባለው የማህፀን ዕጢ ስትሠቃይ ቆይታ ማህፀኗ በላፓሮስኮፒ ይወጣላታል እንበል። ቁስሉ ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ታገግማለች። ከሳምንታት በኋላ ግን በፖስታ የሚደርሳት ሒሳብ በአምስት አኃዝ ኮዶች የተሞላ ነው።

ኮዶቹን እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመውና ዛሬም የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ማህፀንን ከነአንገቱ በላፓሮስኮፒ ለማውጣት አራት ኮዶች አሉ። ማህፀኑ 250 ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 58570፣ ቱቦ ወይም እንቁልጢ አብሮ ከወጣ 58571 ይጻፋል። ክብደቱ ከ250 ግራም ካለፈ 58572፣ ቱቦ ወይም እንቁልጢ ከታከለበት ደግሞ 58573 ይሆናል። ሮቦት ቢያግዝም የቀዶ ሐኪሙ ዋና ኮድ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ትልቅ ማህፀን ማውጣት ይበልጥ ስለሚያደክም ክፍያውም ከፍ ይላል።

ምሕንድስና ላጠና ሰው ይህ አከፋፈል ምክንያታዊ ነው፤ ሊለካ በሚችል ነገር ላይ ቆሟልና። ማዮማ በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛትና በትልቅ መጠን ስለሚታይ፣ ሚዛኑ እህቶቻችንን በቀጥታ ይመለከታል። ክብደቱ ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በፓቶሎጂ ውጤቱ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ታካሚ ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። ኮድ የሚሰጠው ሠራተኛ ግን ቀዶ ሕክምናውን አላየም፤ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ታካሚዋም በማደንዘዣ ተኝታ ነበር። ስለዚህ ለሁለቱም ያለው ምስክር ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እርሱን የማግኘት መብት ደግሞ በፌዴራል ሕግ የእርሷ ነው።

የሚኒሶታ ሕግም ከጎኗ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዕዳ ፍትሐዊነት ሕግ፣ ኮዱ ተሳስቷል የሚል ጥያቄ የቀረበለት ተቋም ጉዳዩን እስኪመረምር ክፍያ ከመጠየቅ እንዲታቀብ ያዛል። ባልተከፈለ ዕዳ ሰበብ አስፈላጊ ሕክምና መንፈግንም ይከለክላል።

ሆኖም በማይነበብ ወረቀት ላይ መብት መጠየቅ አይቻልም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በምርመራ ክፍል ውስጥ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ሒሳቡ ግን ብዙውን ጊዜ ቤት የሚደርሰው ያለ አስተርጓሚ ነው። በእኔ እምነት ዋናው ክፍተት ይህ ነው። ሆስፒታሎች ከእያንዳንዱ ኮድ ጎን አንድ መስመር የአማርኛ ማብራሪያ ቢያክሉ የሚከብድ ሥራ አይሆንም።

እስከዚያው ሦስት ወረቀቶችን ጠይቁ፦ ዝርዝር ሒሳቡን፣ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻውንና የፓቶሎጂ ውጤቱን። ግራሙን ከኮዱ ጋር አስተያዩ። ካልተስማሙ በጽሑፍ ጠይቁ እንጂ ለመክፈል አትቸኩሉ።