«አስተማሪ ሆኖ ቀረ»

በግቢያችን አንድ ክፉ አነጋገር ተለምዷል። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለተመደበ ጓደኛችን «ምን ያደርጋል፤ አስተማሪ ሆኖ ቀረ» እንላለን። ይኸን ስንል ከአጠገባችን የሚያልፉት መምህሮቻችን ምን እንደሚሰማቸው አናስብም። ይኸን አነጋገር ለመንቀፍ የተነሣነው የአንድ ስኮትላንዳዊ ሰው ታሪክ አስገድዶን ነው።

ቢል ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1923 ሆይክ በምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። በዚያች ከተማ ራግቢ ከሁሉ ጨዋታ ይበልጥ ይወደዳል። ራግቢ ማለት፣ አይተውት ለማያውቁ ጓደኞቻችን ለማስረዳት ያህል፣ በየወገኑ ዐሥራ አምስት ሰው ተሰልፎ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጅ ይዞ እየሮጠና ወደ ኋላ ብቻ እየተቀባበለ የሚታገልበት ጨዋታ ነው። ማክላረን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣልያን ግንባር በመድፈኛነት ዘምቶ ተመለሰ። በ1947 ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን መምረጫ በተደረገ ግጥሚያ ተጫወተ። ማሊያውን ለመልበስ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1948 የሳንባ ነቀርሳ ጣለው።

በዚያን ጊዜ ይኸ በሽታ ብዙ ወጣት ይቀጥፍ ነበር። ኢስት ፎርቹን በተባለው ሆስፒታል ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አዲስ መድኃኒት ለሙከራ ከተሰጣቸው ጥቂት በሽተኞች አንዱ እሱ ሆነና ዳነ። ጨዋታው ግን ቀረበት። ነገር ግን እዚያው ሳለ፣ በሽተኞች የሚጋጠሙትን የጠረጴዛ ቴኒስ በሆስፒታሉ ሬዲዮ ለተኙት ያስተላልፍ ጀመር። ከዚያ በከተማው ጋዜጣ ጻፈ። በ1953 በቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ፣ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ በቴሌቪዥን የራግቢ ግጥሚያ አስተላለፈ። እስከ 2002 ድረስም ከዚህ ሥራ አልተለየም።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበልልን። ድምፁ በአገር ሁሉ የታወቀው ይኸው ሰው እስከ 1987 ድረስ በሆይክ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪ ነበር! ቅዳሜ ሚሊዮኖች ይሰሙታል፤ ሰኞ ሕፃናትን ያሠለጥናል። እነ ጂም ሬንዊክ፣ ኮሊን ዲንስና ቶኒ ስታንገር፣ በኋላ ለስኮትላንድ የተሰለፉት ሁሉ፣ በእጁ ያለፉ ልጆች ናቸው። ታዲያ ይኸ ሰው አስተማሪ ሆኖ «ቀረ» ወይ? እንዲያውም የአስተላላፊነቱ ጥበብ ከአስተማሪነቱ የመጣ ይመስለናል። ከግጥሚያው በፊት የቡድኖቹን ልምምድ ሄዶ ያያል፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች መልክና ሁኔታ ያጠናል፤ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ማስታወሻ ይሞላል። ከጻፈው አብዛኛውን አይናገረውም። መምህር ሳይዘጋጅ ክፍል እንደማይገባ ማለት ነው። (ሳይዘጋጁ የሚገቡም እንዳሉ አልጠፋንም፤ ነገሩን ለሌላ ቀን እናቆየዋለን።)

የሚበልጠው ግን ሚዛኑ ነው። ስኮትላንዳዊ መሆኑን አነጋገሩ ይናገራል፤ ፍርዱ ግን አያደላም ነበር። በእኛ ግቢ በፋኩልቲዎች ግጥሚያ ቀን ማይክሮፎን የሚይዙ ወንድሞቻችን የራሳቸውን ፋኩልቲ ሲያሞግሱ፣ የሌላውን በረኛ በስሙ እየጠሩ ሲያሳፍሩ ሰምተናል፤ እኛም አብረን ስቀናል። ባለፈው ጊዜ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዚህ ምክንያት ከሜዳ አልቅሶ ሲወጣ አይተን ዝም አልን። ማኅበራችን ለሚቀጥለው ግጥሚያ ማይክሮፎኑን ጩኸት ለሚያበዛ ሳይሆን የሁለቱንም ቡድን ስም አጥንቶ ለሚመጣ ሰው እንዲሰጥ እንጠይቃለን።

ማክላረን ለአገሩ አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ በ2001 ወደ ዓለም አቀፉ የራግቢ የክብር መዝገብ ገባ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ያረፈው በ2010 ነው። በ2002 በካርዲፍ ከተማ የመጨረሻውን የዌልስና የስኮትላንድ ግጥሚያ ሲያስተላልፍ፣ ስኮትላንድ የዌልስን ቡድን በገዛ ሜዳው አሸነፈች። በዚያው ቀን ከዌልስ ደጋፊዎች መካከል «ቢል ማክላረን የዌልስ ሰው ነው» የሚል ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር።